ድመታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወልድ ነው፤ ከምጡ በፊት ምን እናድርግ?

[ምስል፦ በጎኗ የተጋደመች ድመት፤ ካሜራው ወደ ሆዷ ይጠጋል]

ሆዷን ከመዳሰሳችሁ በፊት ጡቶቿን እዩ። ጸጉሩን በሁለት ጣት ገለጥ አድርጉት። ከስሪያው በኋላ ሁለት ሳምንት አልፎ ሦስተኛው ሲጋመስ፣ ማለትም ከ15ኛው እስከ 18ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ድሮ ጸጉር ውስጥ ተደብቀው ፈልጋችሁ የማታገኟቸው የጡት ጫፎች ጎላ ብለው ይወጣሉ፣ ቀለማቸውም ወደ ሮዝ ይለወጣል። ከዚህ በፊት የወለደች ድመት ላይ ለውጡ ያን ያህል ላይታወቅ ይችላል። የመጀመሪያዋ ከሆነ ግን በግልጽ ይታያል። ሆዷ እስኪገፋ የሚጠብቅ ሰው የእርግዝናውን እኩሌታ ሳያውቀው ያሳልፋል።

የድመት እርግዝና ከ63 እስከ 65 ቀን ነው፤ ጥቂት ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። በአጭሩ ዘጠኝ ሳምንት በሉት። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ የነበረችበትን፣ ከቤት ጠፍታ የተመለሰችበትን ቀን ካስታወሳችሁ አሁኑኑ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። በኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ ቀን ተነስቶ የሚቆጠር ነው።

ዕድሜዋንም አስቡ። ድመት ገና በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። እንዲህ ያለችው እናት ራሷ ገና አድጋ አልጨረሰችም፤ የምትበላው ለራሷም አጥንት ለልጆቿም አጥንት ነው፣ ምጡም ሊከብዳት ይችላል። ድመታችሁ ዓመት ያልሞላት ከሆነች ለእንስሳት ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የምትነግሩት ይህንን ይሁን።

(በነገራችን ላይ፣ ድመት እንቁላል የምትለቀው ስሪያው ራሱ ሲቀሰቅሳት ነው፤ በዚያ ወቅት ከአንድ በላይ ወንድ ካገኘች የአንድ ሆድ ልጆች አባታቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ዥንጉርጉር ሆኖ ቢወጣ አትደነቁ።)

[ምስል፦ የሐኪም እጅ፤ ከዚያ የራጅ ፊልም ላይ የግልገሎች አከርካሪ]

ሐኪሙ ጋ መሄድ ለምን ያስፈልጋል? ማርገዟን ለማረጋገጥ ብቻ አይደለም። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በአልትራሳውንድ የልጆቹ ልብ ሲመታ ይታያል። ሐኪሙ በእጁ ዳስሶም ሊያውቅ ይችላል፤ እናንተ ግን ይህን አትሞክሩት። ሆዷን ተጭኖ «ስንት ናቸው?» ብሎ መፈለግ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ለመቁጠር የሚሻለው ራጅ ነው፤ ከ45ኛው ቀን በኋላ የልጆቹ አጥንት ስለሚጠነክር የራስ ቅላቸውና አከርካሪያቸው ይታያል። ከምርመራዎቹ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። የምጡ ዕለት አራተኛው ወጥቶ ድመቷ ጋደም ስትል «ጨረሰች ወይስ አንድ ቀረ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ቁጥር ነው።

[ምስል፦ የምግብ ሳህን፣ ንጹሕ ውኃ]

ወደ ምግብ እንምጣ። ድመት ከእርግዝናዋ መጀመሪያ አንስታ ክብደት ትጨምራለች። ይህ የጽንሱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ለማጥባት የሚሆናትን ስብ እያጠራቀመች ነው። ወልዳ ማጥባት ስትጀምር የምትበላው ከድሮው ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ የበላችው ስለማይበቃት ካጠራቀመችው ትበላለች። ስለዚህ አሁን «ወፈረች» ብላችሁ እንዳትቀንሱባት። ለትንንሽ ድመቶች ዕድገት ተብሎ የተዘጋጀው ምግብ ፕሮቲኑም ኃይሉም ከፍ ያለ ስለሆነ ለእርጉዝ ድመት ይስማማታል። ለውጡን ግን በአንድ ቀን አታድርጉት፤ ከለመደችው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ያህል ጊዜ አሸጋግሯት። መጨረሻ አካባቢ ማሕፀኑ ጨጓራዋን ስለሚገፋው ብዙ መብላት ብትፈልግም አትችልም፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጧት።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ለጥቂት ቀን ምግብ ሊያስጠላት፣ አንዳንዴም ሊያስመልሳት ይችላል። ይህ ያልፋል። ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ግን ሐኪም ጋ ደውሉ።

ከበጎ ሐሳብ የሚመጣ ጉዳትም አለ። «አጥንት ይሠራላታል» ተብሎ በእርግዝና ወቅት የሚሰጥ የካልሲየም እንክብል አንዱ ነው። ሰውነቷ ካልሲየምን ከራሷ አጥንት አውጥቶ ወደ ደም የሚልክበት ሥርዓት አለው፤ ከውጭ በብዛት ሲመጣለት ይህ ሥርዓት ይሰንፋል። ከዚያ ወተት በብዛት በሚፈለግበት ጊዜ በደሟ ያለው ካልሲየም ድንገት ይወርዳል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯ ይገትራል፣ ታለከልካለች። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል ድንገተኛ ሕመም ነው። ሐኪም ካላዘዘ አትስጡ። የላም ወተትም አያስፈልጋትም፤ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ጥሬ ሥጋና ጥሬ እንቁላል ደግሞ ጀርምና ጥገኛ ተውሳክ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

መድኃኒትን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፦ ከሰው መድኃኒት ሳጥን ምንም አይሰጣት። ፓራሲታሞል፣ እርጉዝ ሆነችም አልሆነች፣ ድመትን ይገድላል፤ አንድ ፍሬ ይበቃል። ለውሻ የተሠራና ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ። ትል ግን ችላ አይባልም። የድመት ወስፋት ከእናት ወደ ልጅ በወተት ይተላለፋል፣ ስለዚህ ለእርጉዝ የሚሆነውን የትል መድኃኒት ሐኪሙ መርጦ ይስጣት። ክትባት ካልተከተበች ደግሞ «ሳይረፍድ» ብላችሁ አትሩጡ። ፓንሉኮፔኒያ ለተባለው የድመት የቫይረስ በሽታ በተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠራው ክትባት ለእርጉዝ ድመት አይሰጥም፤ የጽንሱን ትንሹን አንጎል ሊጎዳና ልጆቹ ሲራመዱ የሚንገዳገዱ ሆነው ሊወለዱ ይችላሉ።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፦ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ድመቷን ማራቅ አለብን? አይደለም። የሰውን ጽንስ ሊጎዳ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ከድመቷ ሰገራ ጋር ሲወጣ ወዲያው አይዝም፤ ለመያዝ የሚደርሰው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ሲቆይ ነው። የመጸዳጃ ሳጥኑን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል።

[ምስል፦ ካርቶን፣ አንዱ ጎኑ በመቀስ ሲቆረጥ]

አሁን ወደ ቤቷ። ምጡ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አዘጋጁት፤ ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋታል። ውድ ነገር አይፈለግም፤ ጥሩ ካርቶን ይበቃል። እግሯን ዘርግታ በጎኗ የምትተኛበት ስፋት ይኑረው። ከላይ ክዳኑን ተዉት፣ ጨለም ያለ ቦታ ትወዳለች፤ እናንተ ግን አስፈላጊ ሲሆን ከፍታችሁ የምታዩበት ይሁን። መግቢያውን ስትቆርጡ እስከ ወለሉ አታውርዱት። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ከለላ ይቅር፦ እናቲቱ ትሻገረዋለች፣ ዓይኑ ያልተገለጠ ግልገል ግን እየዳኸ ወጥቶ ወለል ላይ አይቀርም። ከታች ጋዜጣ ደራርቡ፣ ከላይ ለስላሳ ጨርቅ። ክሩ የተንጨባረረ ፎጣ አትጠቀሙ፤ የግልገሎች ጥፍር ይያዝበታል። ቦታው ሰው የማይበዛበት፣ ነፋስ የማያገኘው ይሁን። ምግቧ፣ ውኃዋና መጸዳጃዋ ቅርብ ይሁኑላት፣ ግን አንድ ላይ አታድርጓቸው።

ይህን ሁሉ ደክማችሁ ሠርታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ ላይ ልትወልድ ትችላለች። አትከራከሯት። የመረጠችው ቦታ አደጋ የሌለው ከሆነ ጨርቁን ወደዚያ ውሰዱላት። ነገር ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ከቤት አታውጧት፤ ካልሆነ የምትመርጠው ቦታ የጎረቤት ጣሪያ ሥር ሊሆን ይችላል። ስታነሷት አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር፤ ሆዷ ላይ ክብደት እንዳያርፍ።

[በስክሪኑ ላይ፦ 37.8]

ይህን ቁጥር ያዙት። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ምጥ ሊጀምር 12 እስከ 24 ሰዓት ሲቀረው ብዙ ጊዜ ከ37.8 በታች ይወርዳል። በቴርሞሜትር መለካቷን የምትጠላ ከሆነ ግን አታስጨንቋት፣ ሌሎች ምልክቶች አሉ፦ ምግብ ትተዋለች፣ ትቁነጠነጣለች፣ ጨርቁን ትቧጥጣለች፣ ገብታ ትወጣለች፣ ኋላዋን ደጋግማ ትልሳለች። አንዳንዷ እናንተን ተከትላ ትጮሃለች፣ አንዳንዷ ትሰወራለች። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ በበኩር ወላጅ ላይ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። የሚያስፈራው ለተመልካቹ ነው።

ከዚያ ማማጥ ትጀምራለች። ሆዷ ሲጨማደድ በዓይን ይታያል። ይህን ጊዜ ሰዓት ያዙ፣ ወረቀት ላይም ጻፉት፤ በጭንቀት መካከል ሰው ሰዓት ይጠፋበታል። ግልገሉ በሚያዳልጥ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል። በጭንቅላቱ ሊመጣ ይችላል፣ በኋላ እግሩም ሊመጣ ይችላል፤ ለድመት ሁለቱም ደህና ናቸው። እናቲቱ ሽፋኑን በጥርሷ ቀዳ ፊቱን ትልሳለች፣ እትብቱን ትቆርጣለች፣ የእንግዴ ልጁን ትበላለች። ምላሷ ሻካራ ነው፤ ግልገሉን ሲገለባብጠው ትንፋሹን እየቀሰቀሰለት ነው። እጃችሁን ሰብስቡ።

የበኩር ወላጅ ግን አንዳንዴ ግራ ይገባታል። ግልገሉ ወጥቶ ሽፋኑ ውስጥ እያለ ዞር ብላ ሌላ ነገር ካየች፣ አንድ ደቂቃ ያህል እንኳ ካልነካችው፣ እናንተ ግቡ። ሽፋኑን አፍንጫው አጠገብ በጣት ቅደዱት፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባውን በደረቅ ጨርቅ ፈተግ ፈተግ አድርጉት። ሲጮህ መልሳችሁ አፍንጫዋ ሥር አኑሩት። ግልገሉን ይዞ ማወዛወዝ የድሮ ልማድ ነው፤ አንጎሉን ይጎዳል። እትብቱን ካልቆረጠች ከሆዱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ በንጹሕ ክር እሰሩትና ከእናቲቱ በኩል ቁረጡ። አትጎትቱት።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሐኪም የሚጠራባቸው ሰዓታት]

ሐኪም መቼ ይጠራ? ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኃይል እያማጠች ምንም ካልወጣ። ግማሹ ወጥቶ 10 ደቂቃ ከቆመ። የመጀመሪያው ግልገል ሳይወጣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ፈሳሽ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ነገር ከመጣ። ትኩስ ደም ሳያቋርጥ ከፈሰሰ። 68ኛው ቀን አልፎ ምንም ምልክት ከሌለ። የሌሊት ተረኛ የእንስሳት ሐኪም ስልክ አስቀድሞ ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ይገኝ፤ ድመት የምትወልደው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ስልክ ለመፈለግ ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም።

በግልገሎች መካከል ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። አንዳንዷ ደግሞ ሁለቱን ወልዳ፣ አጥብታ፣ በልታ፣ ተኝታ፣ ብዙ ሰዓት ቆይታ የቀሩትን ትወልዳለች። ተረጋግታ ከተኛችና ልጆቹን ከተቀበለች ተዉአት። ካልተረጋጋች፣ እየቃተተች ከሆነና የራጁ ቁጥር «ገና አለ» ካለ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደውሉ።

[ምስል፦ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ግልገል]

በተወለዱበት ቀን እንገሩን ይጠባሉ ወይ የሚለውን ብቻ ተመልከቱ። ከበሽታ የሚጠብቃቸው የእናታቸው መከላከያ የሚያልፈው በመጀመሪያው ቀን ገደማ ብቻ ነው። ሲወለዱ 100 ግራም አካባቢ ናቸው፣ በየቀኑም 10 ግራም ያህል ይጨምራሉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዝኑ። ያልጨመረ ግልገል ገና ሳይታመም ሚዛኑ ይናገርበታል። ሙቀታቸውን በራሳቸው መጠበቅ አይችሉም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ጎጆው 30 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ እናቲቱ ሲሞቃት ዞር የምትልበት ጥግ ግን ተዉላት። ጎረቤት ለማየት ቢመጣ ደጅ ላይ ሸኙት፤ የተረበሸች እናት ልጆቿን በአንገታቸው አንጠልጥላ ወደማታውቁት ቦታ ታጓጉዛቸዋለች።

ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልጨምር። ድመት እያጠባች ዳግም ልታረግዝ ትችላለች፤ ከወለደች ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይታ ወንድ ፈልጋ መጮህ ትጀምራለች። «ታጠባለች፣ አትይዝም» የሚባለው ልክ አይደለም። ያደገ ወንድ ድመት ቤት ውስጥ ካለ ለዩአቸው፣ ማታ መስኮት ዝጉ። ለማምከን የሚሻለው ግልገሎቹ ጡት ከተዉ በኋላ ወተቷ ሲደርቅ ነው፤ ሐኪሙ ጋ ለምርመራ የሄዳችሁ ዕለት ቀጠሮውን አብራችሁ ያዙ።