ኪሱን እንዳትቀቢው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከሐዋሳ ነው የማወራችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ቆርቆሮው አሁን ዝም ብሏል። ድምፄን የሚሻሙት ጎረቤት ዛፍ ላይ ያደሩት አባ ኮዳዎች ብቻ ናቸው፤ ምንቃራቸውን ሲያንቋቁ ከሰማችሁ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሣጥን ነው፤ ከእራፊ ተሰፍቶ ቀለም ስለሚቀባ የጨርቅ ሣጥን። አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ክር፣ መቀስና የተሰባበረ ጠመኔ ይዟል። ማዕዘኖቹ ላይ ሰማያዊው ቀለም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ፣ ልጥለው ግን አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው በእራፊ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምላቸው አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ከስፌት መኪናቸው ሥር ሁልጊዜ አንድ ጆንያ አይጠፋም፤ የተቆረጠ እጅጌ፣ የሱሪ ጫፍ፣ የዩኒፎርም ትርፍራፊ ይጠራቀምበታል። ሲሞላ ለትራስ መሙያ ለሚፈልግ ሰው ይሰጡታል። አንድ ቀን "ልውሰደው?" ብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና "ምን ልታደርጊው ነው ልጄ፣ ድሪቶ ልትሰፊ?" አሉኝ።

ድሪቶ የምትለዋ ቃል የጨርቅ ስም ብቻ አይደለችም። እራፊ በእራፊ ላይ ተደርቦ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር እስኪጠፋ ድረስ የተሰፋ ልብስ፣ ቀን የጎደለበት ሰው ልብስ ነው። እናቴ ቃሏን ስትሰማ እስከ ዛሬ ፊቷን ታዞራለች። ላሳምናት ብዬ ስለ ጂስ ቤንድ ነገርኳት። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ያለ መንደር ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በጥጥ እርሻ ባሪያ የነበሩ ሴቶች ቤተሰባቸውን ከብርድ ለማዳን ካረጀ የሥራ ልብስ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። ያ እራፊ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂውስተን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። እናቴ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችኝና "ታዲያ ግድግዳው ይበርደው ነበር?" አለችኝ።

ጆንያውን ግን ይዤ ገባሁ።

እራፊ ሁሉ ቀለም አይቀበልም። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ከጨርቁ አንድ ክር መዝዘው ክብሪት ጫሩበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። እኔ የምቀባው ጥጡን ነው። ለገበር የምጠቀመው አቡጀዲ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት፤ አዲስ አቡጀዲ ይሰበሰባል፣ የፋብሪካው ሙጫም ቀለም አያስጠጋም። ይህን ሳላውቅ የሰፋሁት ሣጥን አንድ ጊዜ ታጥቦ ገበሩ ጠቦ እንደ ጠወለገ ቅጠል ጎበጠብኝ።

ልኩን ለምትፈልጉ ልንገራችሁ፤ ወረቀት አውጡ። መቀመጫው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ እራፊዎቹን ገጣጥማችሁ ጎኑ 46 የሆነ አራት ማዕዘን ታወጣላችሁ፤ ሁለቱ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ነው። ከየጥጉ 12 በ12 ቆርጣችሁ ስትጥሉ መስቀል የመሰለ ነገር ይቀራል። ክንፎቹን አንስታችሁ ጠርዝ ለጠርዝ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ትሰፉታላችሁ። ገበሩንም እንደዚያው። በሁለቱ መካከል ከካርቶን የተቆረጠ ወለልና አራት ግድግዳ ይገባል። ካርቶኑን ከየክፍሉ ትንሽ አሳንሱት፤ እኔ ልክ በልክ ቆርጬው መርፌ ሰብሬያለሁ።

ማዕዘኑ አስቸጋሪ ነው። ግቢያችን ውስጥ የተከራየች አንዲት ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ትሠራለች። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በኛ ሰፈር ቤት የሚከራዩት አብዛኞቹ እንደ እሷ ያሉ ሰፊዎች ናቸው። እኔ ግማሽ ሰዓት የታገልኩበትን ማዕዘን ተቀብላኝ በአንድ ትንፋሽ ቀጥ አድርጋ አወረደችው። ከዚያ ሣጥኑን ገልብጣ ገልብጣ አየችና "እኔ እጅጌ ብቻ ነው የምሰፋው፤ ሙሉ ነገር ሰፍቼ አላውቅም" አለች። በማግስቱ የራሷን እራፊ ይዛ መጣች። የእሷ ሣጥን ከእኔ ይበልጣል፤ ቅናቴን አልደብቅም።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። የዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የመጋረጃ ቡናማና የሕፃን ቢጃማ ቢጫ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ እንደ ተጣላ ቤተሰብ ናቸው። ቀለም ያስታርቃቸዋል አልኩና በመጀመሪያው ሣጥን ላይ አክሪሊክ የሚባለውን ቀለም እንደ ቂቤ ለቀለቅኩበት። አክሪሊክ እርጥብ እያለ በውኃ ይቀጥናል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ፕላስቲክ ነው። ሲወፍር ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱም በታጠፈበት ይሰነጠቃል። አሁን በስሱ ነው የምቀባው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን። አንድ ቀን አሳድሬ፣ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ ጥዬ በካውያ እተኩሰዋለሁ፤ ሙቀቱ ቀለሙን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል።

የሚያንገበግበኝ ግን ስንጥቁ አይደለም። እናቴ ከረጅም ጊዜ በፊት የሰጠችኝ ትንንሽ ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስ ነበረ። ብብቱ ስለተቀደደ ቆርጬ በዚያ ሣጥን ላይ አዋልኩት። ልትጠይቀኝ የመጣች ቀን ቡና ቀርቦ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ሣጥኑን በኩራት አቀረብኩላት። "ቀሚስሽ እኮ ነው" አልኳት። ተቀብላ አገላበጠችው። በጣቷ አንዱን ስፌት ተከተለች። ገበሩን ወደ ውጭ ሳብ አድርጋ ውስጡን አየች። "የታል?" አለች። ይኸው እዚህ ጋ ብዬ ላሳያት ጣቴን ዘረጋሁ። አላገኘሁትም። ሁሉም ሰማያዊ ነው። አስታረቅኳቸው ያልኳቸውን እራፊዎች አፋቸውን ነበር ያስያዝኳቸው። እሷ ምንም አልተቀየመችም፤ ሣጥኑን አስቀምጣ ሁለተኛውን ቡና ቀዳሁላት። እኔ ግን ሲኒውን እያቀበልኩ እጄ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ እራፊ ላይ ሳልቀባ የምተወው ቦታ አለ። አንዳንዴ የጣት ስፋት፣ አንዳንዴ ግማሹን። ቀለሙ ከአንዱ እራፊ ወደ ሌላው በቀጭን መስመር ይሻገራል እንጂ አይሸፍናቸውም። ድሪቶ ይመስላል? ይመስላል። ይምሰል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ፌስታል አቀበለኝ። ከእናቴ ነው። የአባቴ ግራጫ ሸሚዝ ውስጡ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። የደረት ኪሱ ላይ ብዕር የፈሰሰበት ቦታ አለ፤ ያን ቀን ሲነጫነጭ አስታውሳለሁ። ስደውልላት ስለ ሣጥኑ መልክ ምንም አላለችም። "ኪሱን እንዳትቀቢው" ብቻ ነው ያለችኝ።

ኪሱን ለካሁት፤ ቁመቱ 14 ነው። የእኔ ሣጥን ደግሞ ቁመቱ 12። ስለዚህ ግድግዳውን ወደ 16 ማሳደግ አለብኝ፤ ጨርቁም 54 በ54 ሊሆን ነው። የሸሚዙ ጀርባ 56 ይሰጠኛል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው የሚተርፈኝ፣ ኪሱም ከፊት ተፈትቶ አንዱ ግድግዳ ላይ መቀመጥ አለበት። በጠመኔ አስምሬበታለሁ። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ትናንት ማታ እናቴ ደውላ "ቆረጥሽው?" አለችኝ፤ "ገና ነኝ" አልኳት።