የጅረት መጠንና የዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን ዓይነት

የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ የውሃ ሀብት ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤

ትልቅ ጅረት ውስጥ የሚኖር ዓሣ ከትንሽ ጅረት ዓሣ ይልቅ ብዙ ዓይነት ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ይህን ለጅረቱ መጠን ከመስጠታችን በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች ነጥለን ማውጣት አለብን፤ ዛሬ አጥብቄ የማሳስበው ይህንን ነው።

ጥገኛው ለመኖር ምን እንደሚፈልግ እንይ። ዲፕሎስቶመም የተባለው የዓሣ ዓይን ትል ዕድገቱን ለመጨረስ ሦስት እንስሳት ያስፈልጉታል፤ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ፣ ቀጥሎ ዓሣ፣ በመጨረሻም ዓሣ በል ወፍ። ገደላማ በሆነ ጠባብ ጅረት ደራሽ ውሃ ቀንድ አውጣውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ከሦስቱ አንዱ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ትሉ ዘሩን መቀጠል አይችልም። ጋይሮዳክቲለስ የተባለው የዓሣ ቆዳ ትል ግን እዚያው ዓሣው ቆዳ ላይ እየወለደ በንክኪ ይተላለፋል። ስለዚህ ውሃው ጎድሎ ዓሣው በጥቂት ኩሬዎች ሲታጨቅ፣ በትንሽ ጅረት ውስጥ ዓይነቱ ጥቂት፣ ቁጥሩ ግን እጅግ የበዛ ጥገኛ ሊገኝ ይችላል። የዓይነቱ ብዛትና የትሉ ብዛት ለየብቻ ይመዝገቡ።

የጅረቱን መጠን በስትራለር ደረጃ፣ ማለትም ገባር የሌለውን ጅረት አንደኛ ብሎ ጅረቶችን እንደ መገናኘታቸው በሚመድበው ስልት፣ ብቻ አትለኩ። ሁለት አንደኛ ደረጃ ጅረቶች ሲገናኙ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናሉ፤ ሁለተኛውን ሌላ አንደኛ ደረጃ ቢቀላቀለው ግን ውሃው ቢጨምርም ደረጃው ያው ነው። የተፋሰሱን ስፋትና የውሃውን ፍሰት ጨምሩበት።

ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ናሙናው ነው። ከትልቁ ጅረት 60፣ ከትንሹ 12 ዓሣ ከመረመራችሁ ልዩነቱን የፈጠረው ቆጠራችሁ ሊሆን ይችላል፤ ብርቅዬ ጥገኞች የሚታዩት ብዙ ዓሣ ሲመረመር ነውና። ከየቦታው አንድ ዝርያ፣ በአንድ ወቅት፣ ቢቻል 30 ያህል ውሰዱ። ቁጥሩ ካልተመጣጠነ ትልቁን ናሙና በስሌት ወደ ትንሹ አውርዳችሁ፣ ማለትም የትንሹን ያህል ዓሣ ብቻ ቢመረመር ስንት ዓይነት ይገኝ እንደነበር አስልታችሁ አወዳድሩ። የእያንዳንዱን ዓሣ ርዝመትም ለኩ፤ ረጅም ዕድሜ የኖረና ብዙ የበላ ዓሣ ጥገኛውም ይበዛል።

ዓሣው በራሱ ጅረት ውሃ፣ አየር እየተነፋለት፣ በሕይወት ይምጣ፤ ከሞተ የቆዳና የስንጥብ ጥገኞች ጥለውት ይሄዳሉ። የተለያየ ጅረት ዓሣ በአንድ ባልዲ አይቀላቀል። እያንዳንዱን የስንጥብ ቅስት በየራሱ ሳህን፣ አንጀቱን 0.65 በመቶ የጨው ውሃ ውስጥ ከፍታችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። ባለ እሾህ ራስ ትል ስታገኙ ቸኩላችሁ አልኮል ውስጥ አትክተቱት፤ እሾሃማው አፍንጫ ወደ ውስጥ እንደተሰበሰበ ይቀርና ዝርያውን መለየት ያስቸግራል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ አቆዩት፤ አፍንጫውን ሲዘረጋ ወደ 70 በመቶ ኢታኖል ይግባ።

ምንም ያልተገኘበት ዓሣም መዝገቡ ላይ ዜሮ ተብሎ ይስፈር፤ እሱ ከተዘለለ ከመቶ ስንቱ ዓሣ እንደተያዘ ማስላት አይቻልም።

አመሰግናለሁ።