ከጨዋታው በኋላ የሚደወልለት ሰው

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አባዬ ላወራችሁ ነው። የሱ ነገር ሲነሳ ኳስ መግባቱ አይቀርም፤ ኳስ የማትወዱ ለዛሬ ታገሡኝ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። መደርደሪያው ላይ ራዲዮ አለች። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣውና መልሶ ይከተዋል። ጨዋታ ሲኖር ፔዳሉ ላይ ያለው እግሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ጎል ሊገባ ሲል ጭራሽ ይቆማል። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ግን አይቆጣም፤ እሱም እየሰማ ነዋ!

የአባዬ ትልቁ ትዝታ የ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ነው። ፍጻሜው አዲስ አበባ ላይ ከዚምባብዌ ጋር ነበር። አንድ ለአንድ ወጡ፤ በፍጹም ቅጣት ምት እኛ 5 ለ 4 አሸነፍን። እሱ በራዲዮ ነው የተከታተለው፣ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ግን ደምሴ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ የጮኸውን ጩኸት አባዬ ደጋግሞ ስላስመሰለልኝ፣ እዚያው የነበርኩ ይመስለኛል። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ደግሞ እሱም ከአባቱ ነው የሰማው። ግብጽን 4 ለ 2 ስለማሸነፋችን፣ ስለ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ስለ መንግሥቱ ወርቁ። በቤታችን ይሄ ታሪክ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ እኔ ነው የመጣው።

ኳስ ማየት ያስተማረኝ በሸሚዝ ቁልፍ ነው። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ሜዳ ይሥላል። ነጩን ቁልፍ ለአንዱ ቡድን፣ ጥቁሩን ለሌላው ይደረድራል። ኳስ ግን አያስቀምጥም። «ኳሷስ?» እለዋለሁ። «ኳሷን ተያት፤ እሷን ሁሉም ሰው ያያታል። ሰዎቹን እዪ» ይለኛል። ከዚያ አንዱን ቁልፍ በጣቱ ወደ ጥግ ይገፋና «ይሄ ልጅ ወደዚህ ሲሮጥ ተከላካዩ ተከተለው። እዚህ ጋ ምን ተከፈተ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ቶሎ አይነግረኝም። እስካየው ድረስ ይጠብቃል። ዛሬ ጨዋታ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ኳስ ወዳልያዘው ሰው ነው። ይሄን ከአባዬ ሌላ ያስተማረኝ የለም።

ስታዲየምም ይዞኝ ይሄድ ነበር። ያኔ ሴት ልጅ ይዞ ኳስ ሜዳ የሚገባ አባት ብዙ አልነበረም። አንዳንዱ «ወንድ ልጅ የለህም እንዴ?» ይለዋል። ወንድሞች አሉኝ፣ ሁለቱም ኳስ አይወዱም። አባዬ «አለኝ። ኳስ የገባት ግን እሷ ናት» ብሎ ይመልሳል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ምንም አይልም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትከሻዬ ሰፍቶ እውላለሁ።

ጥቅምት 2005 ላይ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ሱቁ አላባራም። ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ባንዲራ ስፋልን፣ ለልጄ ቀሚስ አድርግልኝ፣ የራስ ማሰሪያ አድርግልኝ ይለዋል። አባዬ እስከ እኩለ ሌሊት ይሰፋ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታችን ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ነበር። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት አመለጠው፣ አዳነ ግርማ በአሥር ሰው አቻ አደረገን። አባዬ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ደግሞ 2010 መጣ። የጅማ ሰው ይሄን ስል አሁን ፈገግ እንዳለ አውቃለሁ። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ! ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ፣ በጎል ልዩነት። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። እኔ ያኔ ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩ። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር እደውልለታለሁ። «ሃሎ» አይልም፤ ቀጥታ «አየሽ?» ነው የሚለው። ደህና ነሽ ወይ፣ በልተሻል ወይ የሚባለው በመጨረሻ፣ ካርዱ ሊያልቅ ሲል ነው። በዓመቱ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተገናኘን። እነሱ ሜዳ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፍን። ወደቅን እኮ! አባዬ ግን «አል አህሊን ያሸነፈ ከተማ» እያለ ወሩን ሙሉ አወራ።

ሲታመም ወደ ጅማ ተመለስኩ። ስለ ሕመሙ ብዙ አላወራም። ጥር 2014 የካሜሩንን አፍሪካ ዋንጫ አብረን አየን፣ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ። ከአዘጋጇ ካሜሩን ጋር ስንጫወት ገና በአራተኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ አገባ። አባዬ ቀና ሊል ሞከረ። ከዚያ አራት አገቡብን። «ምንም አይደል፣ ልጁ ግን ሩጫው ጥሩ ነው» አለ። እስኪያንቀላፋ ድረስ ስለ ዳዋ ሩጫ ነበር የሚያወራው።

በሚያዝያ አረፈ።

ለቅሶው ላይ የኳስ ጓደኞቹ መጡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከፈረንጅ አራዳም ከቆጪም። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀስ እያሉ ስለ 2010 ማውራት ጀመሩ፣ ከዚያ መከራከር። ድምፃቸው ከፍ ሲል አንዲት አክስቴ «ኧረ ይሄ ለቅሶ ቤት ነው!» አለች። እማዬ «ተያቸው፣ ያውሩ። እሱ ቢኖር አብሯቸው ነበር» አለቻት። እኔም ንፍሮ ይዤ ሄጄ እዚያው ጥግ ተቀመጥኩ።

እኛ ሐዘን እናውቅበታለን። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። እድሩ አለ፣ ጎረቤት አለ። ለአርባው ተዘጋጅቼ ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቶ ስለነበር አርባው አልከበደኝም። ማንም ያላዘጋጀኝ ለሰኔ 2 ነው። በዚያ ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን አሸነፈ፤ 2 ለ 0! ሜዳችን የካፍን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟላ የራሳችንን ጨዋታ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ድረስ ሄደን ነው የተጫወትነው። የመጀመሪያውን ጎል ማን አገባው? ዳዋ ሆቴሳ። ሁለተኛውን ሽመልስ በቀለ።

ግብጽን! ከአያቴ ጀምሮ በቤታችን ሲወራ የኖረው ግብጽ። ጎረቤት ይጮሃል። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ፣ ደስታው ሞልቶኛል፣ የምነግረው ሰው የለኝም። እማዬ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ፤ ድሮ ለሱ ነበር የምትለው። በለቅሶው ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጠራ። ከአባዬ ሱቅ አጠገብ ጫማ የሚሰፉት ጓደኛው ናቸው። ከዚያ በፊት ደውለውልኝ አያውቁም። «ሃሎ» አላሉም። «አየሽ ልጄ?» አሉኝ። «አየሁ ጋሼ» አልኳቸው። «ኳሷን ነው ሰዎቹን?» አሉኝ። «ሰዎቹን» አልኩ። ስለ ዳዋ ሩጫ ካርዳቸው እስኪያልቅ አወራን። ከዚያ ደግሞ እኔ ደወልኩ።

ዛሬ ይሄን ክፍል የሠራሁት ለዚህ ነው። አባቱን፣ ወንድሙን፣ የኳስ ጓደኛውን ያጣ ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ አርባው ላይ መሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ ሂዱ። ግን ትልቅ ጨዋታ ባለቀ ማታም ደውሉለት። «እግዜር ያጥናህ» ማለት አያስፈልግም። «አየህ?» በሉት።

አባ ጅፋር ያው በ2014 ከሊጉ ወረደ። አባዬ ያንን ሳያይ በመሄዱ አንዳንዴ ደስ ይለኛል። ጋሼ ግን ቡድኑን አልተዉም፣ እኔም አልተውኩም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው እየሄድኩ እንከራከራለን። እሳቸው በ2010 ዋንጫውን ያመጣው ተከላካዩ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ በጎል ልዩነት የተበላ ዋንጫ ያለ ኦኪኪ እንዴት ይታሰባል እላለሁ። ጋሼ፣ ይሄን እየሰሙ ከሆነ አባዬም ከእኔ ጋር ነበር፣ ያውቁታል። ቅዳሜ እንቀጥላለን።

ደህና ሁኑልኝ።