ጤርጥዮስ አድሚን ነበር፣ ፌቤን ደግሞ ኔትወርክ

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ድምፅ ይሰማል? ይሰማል አይደል? በከንቱ አይደለም የምጠይቀው፣ በኋላ እመጣበታለሁ።

ዛሬ ስለ ሶሻል ሚዲያና ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው የምናወራው። ገጽ እንዴት እንደሚከፈት አላስተምርም። ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁም ቤታችሁ ውስጥ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም፣ በሁለት ደቂቃ ይከፍትላችኋል። የኔ ጥያቄ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ፖስት ተደረገ። ላይክ መጣ። እሺ፣ ከዛስ?

ለዚህ አንድ የምወዳት ምሳሌ አለችኝ። የቆያችሁ ተመልካቾች “ደግሞ ጀመረው” እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ጀመርኩት። የጳውሎስ መልእክቶች።

እስቲ የሮሜን መልእክት አስቡት። የጳውሎስ ነው አይደል? ግን 16ኛው ምዕራፍ 22ኛው ቁጥር ላይ ስትደርሱ ድንገት ሌላ ሰው ብቅ ይላል። ጤርጥዮስ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔም ሰላም ብያችኋለሁ ይላል። ጳውሎስ ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል። በዛሬ ቋንቋ ጤርጥዮስ አድሚኑ ነው! ያን ሁሉ ምዕራፍ ጽፎ ጽፎ ለራሱ የወሰደው አንድ መስመር ነው። አንድ! የኛ አድሚን ደግሞ በየፖስተሩ ጥግ ላይ የራሱን ስም ካላስገባ እንቅልፍ አይወስደውም። ቀልዴን ነው፣ እንዳትቆጣ፣ እንደምወድህ ታውቃለህ።

ቆይ፣ አላለቀም። ደብዳቤው ተጻፈ። ማን ያድርሰው? የሮም መንግሥት መልእክተኞች ነበሩት፣ ግን የሚያመላልሱት የመንግሥትን ጉዳይ ነው። ተራ ሰው ደብዳቤ የሚልከው ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ሲያገኝ ነው። እና ያው 16ኛው ምዕራፍ ሲጀምር ፌቤን የምትባል ሴት አለች። የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት። ክንክራኦስ የቆሮንቶስ ወደብ ነው። ጳውሎስ ተቀበሏት፣ የሚያስፈልጋትን ሁሉ አድርጉላት ብሎ አደራ ይላል። ብዙ ሊቃውንት ደብዳቤውን ሮም ያደረሰችው እሷ ናት ይላሉ።

ስለዚህ ፌቤን ኔትወርኩ ናት። ግን ምን አይነት ኔትወርክ! የሮሜ ሰዎች “ይሄ ምን ማለት ነው?” ሲሉ ፊታቸው የቆመችው እሷ ናት። ደብዳቤው ብቻውን አልደረሰም። ሰው ይዞት ነው የደረሰው።

ፎርዋርድ ማድረግም አለ። ቆላስይስ 4፥16፦ እናንተ ካነበባችሁት በኋላ ለሎዶቅያ ሰዎች አሳልፉት፣ ከነሱ የሚመጣውንም አንብቡ። ዮሐንስ ደግሞ በሁለተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ ምን ይላል? ብዙ የምጽፈው ነገር አለኝ፣ ግን በወረቀትና በቀለም አልፈልግም፣ መጥቼ አፍ ለአፍ አወራችኋለሁ። እየጻፈ እኮ ነው እንዲህ የሚለው! ይቺን ቁጥር ስልኬ ላይ ዎልፔፐር አድርጌያታለሁ።

እና እኔ ፖስት ደብዳቤ ነው ባይ ነኝ። ጥሩ ነገር ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። ግን ይዛው የምትሄድ ፌቤን ታስፈልገዋለች።

ይሄ የገባኝ አፍሬ ነው። የገጻችንን ኮመንቶች አንድ ቀን ወደ ኋላ እያየሁ ነበር። አንድ ቆንጆ ጥቅስ ለጥፈናል፣ ጀርባው ላይ ፀሐይ እየወጣች፣ ታውቁታላችሁ። ከስሩ አንድ ሰው ሌሊት ላይ “የሚያወራኝ ሰው አለ?” ብሎ ጽፏል። ከሱ ስር አሜን። አሜን። የተጋጠሙ እጆች። ልብ። አሜን። እኔም ልብ አድርጌበታለሁ! የኔ ልብ እዛ አለች፣ ቀይ። በግል የጻፈለት ሰው ግን አንድም የለም። እኔ ሳየው ሦስት ሳምንት አልፎታል። ጻፍኩለት። አልመለሰም።

ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ቀየርን። አንዲት እህት ፖስት አታደርግም፣ ፖስተር አትሠራም። ሥራዋ ኮመንትና የውስጥ መልእክት ማንበብ ነው፣ ማታ ማታ። የሚጠይቅ ሰው ካለ በስሙ ትመልስለታለች፣ ከፈቀደ ትደውልለታለች። ፌቤን ብለን ነው የምንጠራት። ስሟ አይደለም፣ ግን ለምዳዋለች።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልሄድ ነበር፣ ግን ባለፈው ቪዲዮ ስር የጻፋችሁልኝ አላስቀመጠኝም። “ላይቭ ከጀመራችሁ ሰው ቤቱ ይቀራል።” “ላይቭ ስንፍና ነው።” አንዱማ በትልልቅ ፊደል... እንኳን ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለው፣ በሰባት ቃለ አጋኖ ጽፎልኛል።

እሺ። ይሄ ፍርሃት ግን ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። በሬዲዮ የተላለፈ የመጀመሪያው የሚባለው የቤተ ክርስቲያን አምልኮ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1921 ነው፣ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ፣ በኬዲኬኤ ጣቢያ። ዋናው አገልጋይ ነገሩ ስላላማረው ረዳቱ እንዲሰብክ ሆነ ይባላል። የሬዲዮ ባለሙያዎቹ ደግሞ ምእመኑን እንዳይረብሹ የመዘምራን ልብስ ለብሰው ተቀመጡ። አስቡት፣ ማይክራፎን የያዙ የውሸት ዘማሪዎች! ያው፣ ከዚያ ወዲህ 100 ዓመት አለፈ፣ ቤተ ክርስቲያኖች አሁንም አሉ።

ግን ልዋሽ አልችልም፣ ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ምሳሌው እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ሁሉም ነገር ሲዘጋ በላይቭ መከታተል ጀመርኩ። መጀመሪያ ለብሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ። ቆይቶ በፒጃማ። ቆይቶ ስብከቱን ከፍቼ ሰሃን ማጠብ። በሩ ከተከፈተ በኋላም ለወራት ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ታዲያ ምን መለሰኝ? ላይቩን አልዘጉብኝም። ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ አባት ደወሉ። “ልጄ፣ ወንበርህን ይዤልሃለሁ፣ ሰው ሲመጣ ተይዟል እያልኩ ነው” አሉኝ። በቃ። በሚቀጥለው እሁድ ሄድኩ። ሌላ ሰው አስነስተው አስቀመጡኝ፣ አላፈሩም እንኳን።

ደግሞ ላይቭ የሚያዩት ሰነፎች ብቻ አይደሉም። አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ አለ። አራስ አለች። እሁድ ተረኛ የሆነ ነርስ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገና ያልመጣው ሰው አለ፣ በሩ ጋ ቆሞ እንደሚያይ እንግዳ፣ “እነዚህ ሰዎች ምን አይነት ናቸው?” እያለ ከሩቅ የሚመዝን። እሱን ነው ላይቩን ብትዘጉ የምታጡት።

ሰዓቱ ሄደ። ቴክኒኩን በሩጫ።

ድምፅ ከካሜራ ይቀድማል። ደብዛዛ ምስል ሰው ይታገሣል፣ የሚንቋቋ ድምፅ ግን አይታገሥም። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ማይክ ግዙ፣ ካሜራው ስልካችሁ ይሁን። እኛ የመጀመሪያ ቀን አሪፍ ላይቭ ገባን፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ ማይኩ ተዘግቶ! “ድምፅ የለም” “ድምፅ የለም” እያለ ኮመንቱ ይወርዳል፣ ስልኩን የያዘው ልጅ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እየዘመረ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዓይኑን ገልጦ ይዘምር። ከስልክ በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ለመግባት ቢያንስ 50 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል፣ ቀድማችሁ አስቡበት።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ለማስታወቂያ ነው፣ እናንተ ትናገራላችሁ፣ የአባል ቁጥር ገደብ የለውም። ግሩፕ ለወሬ ነው፣ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ሃምሳ ሰው ሲያልፍ ወሬው ያልቅና “እንደምን አደራችሁ” ብቻ ይቀራል።

መዝሙር። የሌላ ሰው ቅጂ ላይቭ ላይ ካጫወታችሁ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው፣ የሰው ሥራ የሚለየው የዩቲዩብ ሮቦት ሊይዛችሁ ይችላል። መዝሙሩ የጥንት ቢሆንም ቅጂው ባለቤት አለው። “ለእግዚአብሔር ክብር ነው” ብትሉት ሮቦቱ አይገባውም።

ፓስወርድ። ገጹ በአንድ ሰው የግል ኢሜይል አይከፈት። ያ ሰው ተቀይሞ የሄደ ቀን ገጹም አብሮ ይሄዳል። ሁለት ሦስት አድሚን ይኑር፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀው) ይብራ።

የልጆች ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ወላጅ ጠይቁ። ድረ ገጽ ካላችሁ ደግሞ የአምልኮ ሰዓቱና አድራሻው ከላይ ይሁን። የመሥራቾቹ ታሪክ ከታች ሊሆን ይችላል።

አንድ የማልሮጥበት ነገር አለ፣ የጸሎት ርዕስ። አንድ የማውቀው ግሩፕ ውስጥ የአንዲት ሴት የሐኪም ውጤት “ጸልዩላት” ተብሎ ከነስሟ ተለጠፈ። በቅን ልብ ነው። እሷ ግን ለእናቷ እንኳን አልነገረችም ነበር። እናቷ ግሩፑ ውስጥ ነበረች። የጸሎት ጥያቄ በፎርም ተቀበሉ፣ መልሱን የሚያዩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፣ የመልሱ ሊንክ ለሁሉም ክፍት አለመሆኑን ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱና እዩ። ግሩፕ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቁ፣ “ምን ብዬ ልጻፍ?” ብላችሁ።

የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ማይክ ነው። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። ኮመንት ላይ የሚያወራው ሰው የሚፈልግ ካለ ይጻፍ፣ ዛሬ ማታ ተረኛው እኔ ነኝ። ልብ ብቻ አድርጌ አላልፍም።

ቆይ... ማይኩ ክፍት ነበር አይደል?