መርፌውን ጨምሩላቸው

ሰላም ናችሁ ወይ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ጭጋግ ወርዶባታል፣ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። የባጃጅ ጡሩንባ ከገባባችሁ ታገሡኝ፣ አልቆርጠውም።

ባለፈው ስለ ኦክስጅን ካወራሁ በኋላ አንዲት እህት ከኮምቦልቻ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አባቷ በኮሮናው ጊዜ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ድነዋል። «ሳንባቸው ነው ሲሉን ቆይተው፣ ኋላ ደማቸው ረግቷል አሉን። ሳንባና ደም መርጋትን ምን አገናኘው? ደግሞ መርፌውን ጨምሩላቸው ብለን ብንለምን እምቢ አሉን» ትላለች። እንደምታውቁት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። «ጨምሩላቸው» የሚለውን ልመና ስንቴ ሰማሁት! ስለ ኦክስጅኑም፣ ስለ ጉሉኮሱም፣ ደም እንዳይረጋ ስለሚሰጠው መርፌም። ከሁሉም የከበደኝ የመርፌው ነው፤ ምክንያቱም እኛም ከውስጥ ያንኑ እንመኝ ነበር።

መጀመሪያ ሳንባውን እንያዝ። የሳንባ የአየር ከረጢቶች ዙሪያቸውን ከፀጉር በቀጠኑ የደም ሥሮች ተከበዋል። አየሩና ደሙ የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ቫይረሱ ከረጢቱን ሲያስቆጣው ጎረቤቱ የደም ሥርም አብሮ ይቆጣል። ጤነኛ የደም ሥር ውስጡ ልስልስ ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ነገሮችን ራሱ ያመነጫል። ሲቆጣ ግን ሥራው ይገለበጣል፣ ፕሌትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ቅንጣቶች እንዲጣበቁበት ያደርጋል። ጉበት ደግሞ በዚሁ ብግነት ተነሣሥቶ ፋይብሪኖጅን የሚባለውን የመርጊያ ፕሮቲን ያበዛል። ነጭ የደም ሕዋሳት በበኩላቸው ቫይረሱን ለመያዝ ብለው የገዛ ራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ ዓሣ መረብ ይዘረጋሉ፤ መረቡ ውስጥ ተይዞ የሚቀረው ግን ደሙ ራሱ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ። ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1856 ከጻፈው ተነሥተን ዛሬም የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ ደም ሥር ውስጥ ደም የሚረጋው የሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ፣ የደሙ ዝውውር ሲቀዛቀዝ፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲያዘነብል ነው። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛውን ሰው አስቡት። በማደንዘዣ ተኝቷል፣ እግሩን አያንቀሳቅስም። ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ፣ ሌላ ቱቦ አንገቱ ሥር ያለው ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ገብቷል። ትኩሳቱ ውሃውን አድርቆታል። ሦስቱም አንድ አልጋ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

በ2020 የሰባት የኮሮና ሟቾችን ሳንባ በኢንፍሉዌንዛ ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ጋር አስተያይተው የመረመሩ ሐኪሞች፣ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ያለው የረጋ ደም በኮሮና ሟቾቹ ላይ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ አገኙት። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድ ሐኪሞች በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ 184 ሰዎችን ተከታትለው ነበር፤ ሁሉም ይሄንኑ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መርፌ እየወሰዱ፣ 31 ከመቶ የሚሆኑት ላይ ከደም መርጋት ጋር የተያያዘ ችግር ተገኘ። አብዛኛው ደግሞ ሳንባ ውስጥ። ልብ አድርጉ፣ መርፌውን እየወሰዱ ነው።

እኛስ በምን እናየው ነበር? በቱቦው። በአንገት የገባው ቱቦ አሁንም አሁንም ይደፈንብናል፤ ታጥቦ ሳይቆይ ይመለሳል። ሕመምተኛውን ሲቲ ስካን ለማስነሳት ደግሞ ከኦክስጅኑ መነጠል አለበት፣ እሱ በራሱ ሌላ አደጋ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በግምት ነበር የምንሄደው፦ ኦክስጅኑ ሳይቀነስ ድንገት ሲወርድ፣ ልብ ያለ ምክንያት ሲሮጥ፣ ከሁለቱ አንዱ ባት ሲያብጥ። ዲ-ዳይመር የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ የረጋ ደም ሲፈርስ የሚቀረውን ስብርባሪ ይለካል። ቤተሰብ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለዘመድ ሁሉ ይልከዋል፣ ከዚያ ከውጭ አገር ሳይቀር ስልክ ይደወላል። ቁጥሩ ግን በማንኛውም ከባድ ኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በእርግዝናም ይጨምራል። ብቻውን «ረግቷል» አይልም። እንዲያውም ለዚያ ቁጥር የሚወጣው ብር አንዳንዴ ያበሳጨኝ ነበር።

መርፌው ኢኖክሳፓሪን ነው፤ ሄፓሪንም ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ምክንያቱም ኢኖክሳፓሪን የሚወጣው በኩላሊት ነው። ለመከላከል በተለመደው መጠን 40 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ እምብርትን ራቅ አድርጎ ሆድ ላይ። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ታደርጊዋለሽ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገሽ ታስገቢያለሽ፣ ውስጡ ያለችውን የአየር አረፋ አታስወጪያትም፣ ስትጨርሺ አታሺውም። ካሸሽው ይበልዛል። ሳይታሽም ይበልዛል እንጂ! ሰውነቱን ሊያጥቡ የገቡ ልጆች ሆዱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሲያዩ «አባታችንን ምን አረጋችሁት?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፣ ቀድመን ልንነግራቸው ይገባ ነበር።

ቀድሞ መንገር ካልኩ አይቀር፣ አንዳንዶቻችሁን ቅር የሚያሰኝ ነገር ላንሣ። ሄፓሪን የሚወጣው በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ነው፤ ኢኖክሳፓሪንም ከዚያው ይሠራል። እዚህ ወሎ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይነካም። አንድ ጊዜ የአንድ ሐጂ ልጅ ስልኩ ላይ አንብቦ መጣና «ሲስተር፣ እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ቀበል አድርገው፣ የተገደደ ሰው ፈልጎት ሳይሆንና ወሰን ሳያልፍ ከሆነ ኃጢአት እንደሌለበት ቁርኣኑ ራሱ እንደሚል ነገሩት። «አብሽር፣ ይወጉት» አሉ፤ አለቀ። ክርስቲያን ቤተሰብ ሲሆን ለንስሐ አባት ይደወላል። ባልደረቦቼ «አታስፈራሪያቸው፣ ካልጠየቁ አትንገሪ» ይሉኛል። እኔ አልስማማም። በኋላ ከስልክ ከሚያነቡት ቀድሞ ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል፤ በቤተ ሙከራ የሚቀመም ፎንዳፓሪነክስ የሚባል አማራጭም አለ፣ መድኃኒት ቤት ከተገኘ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፣ ለምን አልጨመሩላቸውም? በ2020 ብዙ ሐኪም ጨምሯል። 40ው ካልበቃ ለረጋ ደም ማከሚያ የሚሰጠውን ሙሉ መጠን እንስጥ ነው ነገሩ፤ ያኔ ሲሰሙት አሳማኝ ነበር። ከዚያ በብዙ አገሮች ያሉ ሦስት የጥናት ቡድኖች አንድ ላይ ሆነው ሞከሩት፣ ውጤቱም በ2021 ታተመ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩት 1,100 ገደማ ናቸው። ሙሉ መጠን ከወሰዱት 62.7 ከመቶ፣ የተለመደውን ከወሰዱት 64.5 ከመቶ ከሆስፒታል በሕይወት ወጡ፤ አልጠቀመም ማለት ነው። ከባድ መድማት ግን ከ2.3 ወደ 3.8 ከመቶ ከፍ አለ። ኢራን ውስጥ በ562 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ መካከለኛ መጠን ተሞክሮ እሱም ለውጥ አላመጣም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ግማሽ ነው። ያው መድኃኒት፣ ያው ሙሉ መጠን፣ ሆስፒታል ተኝተው ገና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ላልደረሱት ሲሰጥ ጠቀመ፤ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የመዳን ዕድላቸው ጨመረ። ሄፓሪን የረጋውን አያሟሟም። አዲስ እንዳይረጋ፣ ያለውም እንዳያድግ ነው የሚይዘው። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ከተደፈኑ በኋላ፣ ሳንባውም ከተቃጠለ በኋላ፣ መጠኑን ማብዛት ምን ያደርጋል? ያደማል። ከደላንታ፣ ከወረኢሉ፣ ከከላላ ሕመምተኛ በሰው ትከሻና በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ፣ ሳል ከጀመረው ሳምንት አልፎት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነው የሚደርሰን። ቤተሰቡ በሩ ላይ «ጨምሩላቸው» ሲል፣ በመንገድ ያለቀውን ቀን ነው በመርፌ እንድንመልስለት የሚለምነን። ይህን ደግሞ ፊት ለፊት አይናገሩትም፤ እኔም ተናግሬው አላውቅም።

እህቴ፣ አባትሽ ያኔ በእግራቸው ነው የረጋባቸው ብለሻል፤ አሁንም ሲመሽ አንዱ እግራቸው ያብጣል። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው። የረጋው ደም የሥሩን በሮች ስለሚጎዳ ደሙ ወደ ላይ ለመውጣት ይቸግረዋል። ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ያድርጉ፣ በእግራቸው ይሂዱ፣ ለሐኪም ያሳዩት። እብጠቱ በድንገት ከባሰ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ወደፊት ለቀዶ ሕክምናም ሆነ ለሌላ ነገር ሆስፒታል ቢተኙ፣ ደም ረግቶባቸው እንደነበር ማንም ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ። አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው ያልሽውን በተመለከተ፣ ረጅም መንገድ ነው፣ ውሃ ይጠጡ፤ ሽንት ያስቸግረኛል ብለው እንቢ እንደሚሉ ደግሞ አውቃለሁ። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ይውረዱ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን በመስኮት አታቀብሏቸው፣ ራሳቸው ወርደው ይግዙ።