መዳብን ከፕላስቲክ ቧንቧ ያለ እሳት ማገናኘት

[ምስል፦ በደብረ ማርቆስ የአንድ መኖሪያ ቤት ጣሪያ። ከፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የሚወጣ አጭር የመዳብ ቧንቧ በቅርበት ይታያል።]

በጎጃም ከተሞች ዛሬ አዲስ የሚዘረጋ የቤት ውስጥ የውሃ መስመር በአብዛኛው ፒፒአር የምንለው ፕላስቲክ ነው። መዳብ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን እንዲህ ባለ ቦታ፣ ከፀሐይ ማሞቂያ ወይም ከቦይለር በሚወጣ አጭር ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ቪዲዮ ይህን ጫፍ ከፒፒአር መስመር ጋር እሳት ሳንጠቀም እንዴት እንደምናገናኝ እናያለን።

እሳትን የምንሸሸው በምክንያት ነው። እርሳስ የሌለበት የመዳብ ቧንቧ መበየጃ የሚቀልጠው በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ መዳብ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ በአጠገቡ ያለው ፒፒአር መበየጃው ከመቅለጡ በፊት ተበላሽቶ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱ ቧንቧዎች በቀጥታ አይያያዙም፤ በመካከላቸው ጥርስ ያለው የናስ መገናኛ ይገባል።

[ምስል፦ መገናኛው ተፈታትቶ፦ አካሉ፣ ቀለበቱ፣ ዳዶው።]

የመገናኛው አንዱ ጫፍ ግማሽ ኢንች ወንዴ ጥርስ፣ ማለትም ጥርሱ ከውጭ የሆነ፣ ነው። በሌላው ጫፍ ዳዶና ቀጭን የናስ ቀለበት አሉ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቱ መዳቡን ዙሪያውን ጨምቆ ይይዛል፣ ውሃውንም የሚያግደው እርሱ ነው። በዚህ በኩል ባለው ጥርስ ላይ ቴፍሎን፣ ውሃ የሚያግደውን ቀጭን ነጭ ቴፕ፣ መጠምጠም የተለመደ ቢሆንም ጥቅም የለውም፤ ጥርሱ የሚያጠብቅ እንጂ ውሃ የሚያቆም አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት መዳቡን በካሊበር፣ የቧንቧ ስፋት በሚለካው መሣሪያ፣ ይለኩ። ለውሃ የሚሠራው መዳብ በውጭ ስፋቱ 15 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ተብሎ ሲጠራ፣ ለማቀዝቀዣ ሥራ የሚሸጠው ግማሽ ኢንች መዳብ ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዓይን ሲታዩ ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ለ15 የተሠራ ቀለበት 12.7ቱን የቱንም ያህል ቢጠብቅ አይዘውም። ባለ ሱቁ «ግማሽ ነው» ስላለዎት ብቻ አይመኑ።

በፒፒአሩ በኩል የሚገዛው፣ በውስጡ የናስ ሴቴ ጥርስ (ጥርሱ ከውስጥ የሆነ) የተቀበረበት መገናኛ ነው። ጥርሱ ራሱ ፕላስቲክ የሆነው ዋጋው ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የናሱ ወንዴ ጥርስ ሲጠብቅበት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከወራት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ናስ አጣን ብሎ የገሊቫናይዝድ ኒፕል፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ ባለ ጥርስ አጭር የብረት ቧንቧ፣ ከመዳቡ ጋር ማያያዝም አይገባም፤ ሁለቱ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሲነካኩ የኒፕሉ ዚንክ ቶሎ ይበላል።

[ምስል፦ የሥራው ቅደም ተከተል።]

ሥራው ከፕላስቲኩ ይጀምራል። 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአርና የፒፒአሩ መገናኛ 260 ዲግሪ በሞቀ የፒፒአር መበየጃ ማሽን አብረው 5 ሰከንድ ያህል ይሞቁና ሳይጠመዘዙ ይገጠማሉ። በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ በናሱ ወንዴ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጥርሱ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲገባ ይፈታል። ሲጠብቅ በአንድ መፍቻ ናሱ፣ በሌላው የፒፒአሩ መገናኛ ይያዛል፤ አለዚያ ኃይሉ ሁሉ አሁን በተበየደው ፕላስቲክ ላይ ያርፋል።

መዳቡ በመጨረሻ ይመጣል። በቱቦ መቁረጫ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ የውስጥና የውጭ ሹል ጠርዙ በሞረድ ይነሣ፣ ጫፉም ከጭረትና ከቀለም ይጽዳ። ዳዶው አስቀድሞ፣ ቀለበቱ ከኋላው ይገባል። መዳቡ መገናኛው ውስጥ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ እንደገባ ዳዶው በእጅ ይጠብቅ፤ ከዚያም በመፍቻ አንድ ዙር ገደማ ይጨመርለት። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ቀለበቱን ያጣምመዋል እንጂ አይጠቅመውም።

አብዛኛው መገጣጠሚያ የሚበላሸው ግን በመፍቻ ስሕተት ሳይሆን በሙቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሊት 15 ዲግሪ የነበረ መስመር ቀን 65 ሲደርስ፣ 3 ሜትር መዳብ የሚረዝመው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ተራ ፒፒአር ግን ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። መስመሩ ቀጥ ብሎ በሁለት ጫፍ ከታሰረ ይህ ሁሉ ግፊት መገናኛው ላይ ይወድቃል። ስለሆነም መዳቡ ከመገናኛው አጠገብ በግድግዳው ላይ በጥብቅ ይታሰር፣ ፒፒአሩ ግን በጎሚቶ፣ እንደ ክርን በታጠፈ መገናኛ፣ ዞሮ መንቀሳቀሻ ይተውለት። በፋይበር የተጠናከረው ፒፒአር የሚረዝመው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ከተገኘ ለሙቅ ውሃ እርሱ ይመረጣል። ማሞቂያው አጠገብ ያለው ግማሽ ሜትር ያህል ብረት ሆኖ ቢቀር፣ ጣሪያ ላይ ያለው ፒፒአርም በመሸፈኛ ከፀሐይ ቢጠበቅ ዕድሜው ይረዝማል።

አንድ የደኅንነት ጉዳይ አለ። በአሮጌ ቤት የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦ ከብረት ቧንቧ ጋር ታስሮ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ የመስመሩ አንድ ክፍል እንኳ ፒፒአር ከሆነ የመሬት ሽቦው ሥራውን ያቆማል፤ ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይቶ ሌላ መሬት ሊያበጅለት ይገባል።

[ምስል፦ ደረቅ ወረቀት በመገጣጠሚያው ዙሪያ።]

ውሃው ሲከፈት ደረቅ ወረቀት በዳዶው ዙሪያ ይያዝ። ረጠብ ካለ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመር። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ቀን የሚታየው ግፊት አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ምርመራው መስመሩ በሞላበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይደገም፤ ውሃውም ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይታይ። እስከዚያ ግድግዳው አይለሰን።