የአበባ እርሻ ሰርተፊኬት እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይያዛል?

[ምስል፦ የግሪንሃውስ በር፣ የተሰቀለ ሰሌዳ]

ተራኪ፦ «ኬሚካል ተረጭቷል፣ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ከሥሩ የኬሚካሉ ስም፣ የተረጨበት ሰዓትና ሠራተኛ ተመልሶ መግባት የሚችልበት ሰዓት በእስክሪብቶ ተሞልቷል።

የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማህበር በ2007 እ.ኤ.አ. ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ያሉት የአሠራር ኮድ፣ ማለትም እርሻው ኬሚካልንና ሠራተኛን እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝር መመሪያ፣ አወጣ። ያኔ ግዴታ አልነበረም። ታዲያ እርሻዎቹ ለምን ገቡበት? ጽጌረዳው በአብዛኛው የሚሸጠው አውሮፓ ነው፤ የአውሮፓ ሱፐርማርኬት ደግሞ አበባው በምን ኬሚካል እንዳደገ፣ ሠራተኛው እንዴት እንደተያዘ ማስረጃ ይጠይቃል። ሕግ ያላስገደደውን ገዢ ያስገድዳል።

[ምስል፦ የኬሚካል መጋዘን]

ሥራው የሚጀምረው ራስን ከመፈተሽ ነው። መጋዘኑ ይቆለፋል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ረጪው ጓንትና ማስክ አለው? ሻወርስ? የረጨበትን ልብስ እዚያው ያጥባል ወይስ ቤቱ ይወስደዋል? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ ትመስላለች፤ ግን ልብሱ ቤት ከገባ ኬሚካሉም ልጆቹ ጋ ገባ ማለት ነው።

ከዚያ ኃላፊ ይመደባል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ መዝገብ ይከፈታል፣ የውስጥ ኦዲት ይደረጋል። የውጭ ኦዲተሩ የሚመጣው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን]

ጎበዝ ኦዲተር በአንድ መዝገብ አያምንም። የርጭት መዝገቡን ከመጋዘኑ ወጪ ካርድ ጋር ያስተያያል። ከመጋዘን አምስት ሊትር ወጥቶ መዝገቡ ላይ ሦስት ብቻ ከተጻፈ ሁለቱ የት ገባ? ረጪውንም ብቻውን ያነጋግራል፣ አለቃው በሌለበት። ጉድለት ካገኘ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው ተጽፎ ይፈረማል።

በእኔ እይታ አደጋው ያለው ከሰርተፊኬቱ ማግስት ነው። ኃላፊው ሥራ ሲለቅ መዝገቡም አብሮ ይቆማል፤ ኦዲት ሲደርስ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ ይሞላል። የሦስት ወር መዝገብ በአንድ ቀለም ሲጻፍ ደግሞ ያስታውቃል።

በ2011 እ.ኤ.አ. መንግሥት ራሱ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 207 ለአበባ ዘርፉ የአሠራር ኮድ አወጣ። የገዢው ጥያቄ ግን አልቀረም፤ አንዱ ፌርትሬድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፍትሐዊ ንግድ ሰርተፊኬት ይላል፣ ሌላው ኤምፒኤስ የሚባለውን የአበባ እርሻ ሰርተፊኬት። ወጪው ያው በእርሻው ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የገባው ሥራ አስኪያጅ ለየሰርተፊኬቱ የተለያየ ፋይል አይከፍትም፤ ሁሉም ኦዲተሮች የሚያገላብጡት አንድ የርጭት መዝገብ ይይዛል።